እንጨት ልላክልሽ?

ኢሜልዳ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ቦርሳዋን ረስታ ባትመለስ ኖሮ፣ አባቷ በዚያ ዓይነት ድምፅ መናገር እንደሚችሉ ሳታውቅ ትኖር ነበር። በሩን በቀስታ ከፍታ ገባች። አባቷ ዶን ፊዴንሲዮ ጠዋት ጠዋት ኮሽታ ስለማይወዱ የዚያ ቤት በር ሁልጊዜም በቀስታ ነው የሚከፈተው። ኮሪደሩ መሃል ስትደርስ ከእሳቸው ክፍል፣ ከተዘጋው በር ኋላ፣ ወሬ ሰማች። «አይዞሽ ልጄ» ይላሉ። «አትደንግጪ። ያለኝን ሁሉ እልክልሻለሁ። ወርቁን ውሰጂው፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል። ብቻ እስክደርስልሽ ድረስ ጠንክሪ።»

እዚያው ቀጥ ብላ ቀረች። መጀመሪያ የገረማት «ልጄ» ያሉት ነው። እሷን ኢሜልዳ ብለው ነው የሚጠሯት። ልጅ ሆና ትኩሳት ይዟት ስትቃዥም ኢሜልዳ ነበረች፣ እናቷ የተቀበረች ዕለት ክንዷን ይዘው ሲሄዱም ኢሜልዳ ነበረች። ቀጥሎ ግን «ወርቁን» ማለታቸው ገባት። ጎረቤታቸውን ዶኛ ሬሜዲዮስን አስታወሰች። ባለፈው ወር ስልካቸው ጮኸና ሲያነሱት አንዲት ልጅ እያለቀሰች «እማዬ፣ ሰዎች ወስደውኛል» አለቻቸው። ከዚያ አንድ ሰውዬ ተቀብሎ፣ ስልኩን እንዳይዘጉ፣ ለቤተሰብ እንዳይናገሩ፣ ያላቸውን ሁሉ ጠቅልለው አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ እንዲያመጡ አዘዛቸው። አመጡ። ልጃቸው በዚያ ሰዓት ፀጉር ቤት ቁጭ ብላ ጥፍሯን እያስቀባች ነበር። ከዚያ ወዲህ በእኛ ሰፈር፣ በአናልኮ፣ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል ሰው ስልኩን እንደ እባብ ነው የሚያየው።

የአባቷን በር ልታንኳኳ እጇን አነሳች፣ መልሳም አወረደችው። በዚያ ቤት አይንኳኳም። ዶን ፊዴንሲዮ ሲወጡ ወጡ፣ ሲገቡ ገቡ፤ በመካከሉ ምን እንደሚሠሩ የሚጠይቃቸው ማንም የለም። ሳሎን ገብታ የእናቷን ቁም ሳጥን ከፈተች። የብስኩት ቆርቆሮው ቦታው ላይ ነበር። ክዳኑን ስታነሳው የእናቷ ጉትቻ፣ ቀጭኗ ሐብልና የጋብቻ ቀለበቷ እንደነበሩ ናቸው። ቆርቆሮውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና፣ የወረሰችው ሳይሆን የሰረቀችው ይመስል፣ በእግር ጣቶቿ እየረገጠች ከቤት ወጣች። ዳቦውን ረሳችው።

ገበያው ውስጥ ያላት ቦታ ጠባብ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ መጋረጃ ያላት መለኪያ ጥግ። ቅዳሜ ሥራ ይበዛል። ለሱሪ እግር አርባ ፔሶ፣ ለዚፕ ሰማንያ፣ ለሙሽራና ለአሥራ አምስተኛ ዓመት ልደት ቀሚስ ደግሞ እንደ አስቸጋሪነቱ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ነበር። ቀሚሱ ሰማያዊ ነው፣ ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ፤ ልጅቷ መስታወቱ ፊት ቆማ ሆዷን እየሳበች ትንፋሿን ይዛለች። ኢሜልዳ ተንበርክካ ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች፣ ልቧ ግን ቦርሳው ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ላይ ነበር። «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለቻት እናትየዋ ከላይ። «ደህና ናቸው። ኮምፒውተር ላይ ናቸው።» «የእኔው ባል ይብሳል። ኳስ ሲያልቅበት የድሮ ኳስ ይፈልጋል። የሞቱ ሰዎች ግብ ሲያገቡ ተነስቶ ያጨበጭባል።» ልጅቷ ሳቀችና የያዘችው ትንፋሽ አመለጣት፣ አንዱ የመርፌ ቁልፍም ተፈናጥሮ ወደቀ። ኢሜልዳ ወለሉ ላይ ስትፈልገው ቆየች። ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ፣ ያንን ሁሉ ወንበዴና ሰካራም በመስታወት እያዩ ያሳለፉ ሰው፣ በስልክ ለምታለቅስ ልጅ ይታለላሉ ብሎ ማን ያስባል? ግን ደግሞ እሳቸውን ለማታለል ሌላ ምንም አያስፈልግም፤ «ሴት ልጅህ ናት» ማለት ይበቃል። የጠፋች ሴት ልጅ አለቻቸውና።

ያዲራ ትባላለች፣ የኢሜልዳ ታናሽ ናት። ከአንድ አደጋ በኋላ ነው ከቤቱ የወጣችው። ዶን ፊዴንሲዮ የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ፣ ትልቁ ጎዳና መገናኛ ላይ፣ ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ገጩ። ወጣቱ ተረፈ፣ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆነለትም። እሳቸው የትራፊክ መብራቱ ቢጫ ነበር አሉ። ያዲራ ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያው አውቶቡስ ላይ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ፖሊሶች ሲጠይቋት ቀይ ነበር አለች። ዶን ፊዴንሲዮ መሪውን አስረክበው ከሥራ ወጡ፣ ቤት መጥተውም በእናትየዋ ፊት «ይህች ውሸታም ከቤቴ ትውጣልኝ» አሉ። ያዲራ ወደ ሩቋ የድንበር ከተማ ወደ ቲኹዋና፣ አክስቷ ጋ ሄደች፣ ፋብሪካ ገባች፣ እዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ስሟ በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። እናታቸው ስትቀበር መጥታ ከመቃብሩ በር ወደ ውስጥ አልገባችም። ኢሜልዳ ክንዷ በአባቷ ክንድ ተቆልፎ በአጠገቧ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተያዩ፣ ያ ብቻ ነው። ስልክ የሚደዋወሉት በድብቅ ነው፣ ኢሜልዳ ልብስ ልታሰጣ ሰገነት ስትወጣ።

ልብሱን አስረክባ ሥራው ሲቀልላት ገበያውን አቋርጣ ወደ ራሚሮ ኢንተርኔት ቤት ሄደች። ራሚሮ የእሷ እኩያ ነው፣ አብረው ነው ያደጉት። ድሮ ያ ቤት በልጅ የተሞላ ነበር፤ አሁን ሁሉም በየኪሱ ስልክ ይዞ፣ ኮምፒውተሮቹ ግማሾቹ ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ እሱም ፎቶ ኮፒ እያነሳና የልደት ወረቀት እያተመ ነው የሚኖረው። የአባቷን ኮምፒውተር ገጣጥሞ የሸጠላቸውም እሱ ነው።

«ራሚሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትስቅ» አለችው።

«አልስቅም ካልኩሽ በኋላ ብስቅ ትቀየሚኛለሽ፣ ዝም ብለሽ ጠይቂ።»

የሰማችውን እንደሰማችው ነገረችው። ልጄ፣ አትደንግጪ፣ ወርቁን ውሰጂው፣ ጠንክሪ። ራሚሮ ፊቱን ወደ ማተሚያው አዞረ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየች።

«እህልስ አላሉም?» አለ። «እንጨትስ?»

«እንጨት ምን ይሠራል? ሰው ታግቶ እንጨት የሚጠይቅ አለ?»

«ነይ፣ ተቀመጪ።» አንዱን ጨርቅ ገለጠና ኮምፒውተሩን ከፈተላት። ቀስ እያለ አንድ አረንጓዴ ሜዳ መጣ፤ ሜዳው ላይ ጥቂት ጎጆዎች፣ ጣት የማያህሉ ሰዎች፣ የሚግጡ በጎች። «ይሄ የአባትሽ አገር ነው። የጥንት ነገሥታት ጨዋታ ነው። መጀመሪያ ገበሬ ታሰማሪያለሽ፣ እንጨት ታስቆርጫለሽ፣ ወርቅ ታስቆፍሪያለሽ። ከዚያ አጥር፣ ከዚያ ግንብ፣ ከዚያ ጦር። አንቺ ስትገነቢ ጠላትሽም ዝም አይልም፣ በአንድ ሰዓት ነው ሁሉም የሚሆነው። ጓደኛሽ ከተቸገረ ካለሽ ላይ ትልኪለታለሽ። ወርቁን ውሰጂው ያሉት ይሄንን ነው።» አንዷን ትንሽ ቢጫ ክምር በጣቱ አሳያት። «አባትሽ ማጥቃት አይችሉበትም። ጦር ሲያዙ ተሳፋሪ ጭነው የሚሄዱ ነው የሚመስሉት፣ ይጠነቀቃሉ። አጥር ግን፣ ኢሜ፣ እሳቸው የሠሩትን አጥር ለማፍረስ ጀግና ይጠይቃል።»

ኢሜልዳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሌባ የለም። በስልክ የምታለቅስ ልጅ የለችም። ሽማግሌ አባቷ በግ እየጠበቁ ነው። ልትስቅ ስትል ግን ሌላው ነገር መጣባት።

«ታዲያ ልጄ የሚሉት ማንን ነው?»

ራሚሮ ጨርቁን አጣጠፈ። እንደገና ዘረጋውና እንደገና አጣጠፈው። «እኔ እዚህ ነገር ውስጥ ባልገባ ደስ ይለኛል» አለ።

«ገብተሃል።»

ጨርቁን አስቀምጦ ነገራት። ያዲራ ትንሽ ልጅ ሳለች ከዚህ ቤት የማትወጣ፣ ወንዶቹን ሁሉ እየረታች የምታስለቅስ ነበረች፤ ዶን ፊዴንሲዮ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ እየመጡ ጆሮዋን ይዘው ነበር የሚያስወጧት። እናትየዋ ከሞተች በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት ዶን ፊዴንሲዮ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ፎቶ ኮፒ የሚፈልጉ መሰለው። «ያቺ አሁንም ትጫወታለች?» ብለው ጠየቁት። ስሟን አልጠሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቲኹዋና ሆና በኢንተርኔት ትጫወታለች አላቸው። «እንግዲያውስ አስተምረኝ» አሉት። ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ መጡ። ማውሷን መያዝ እንኳ አይችሉም ነበር፣ እንደ አውቶቡስ መሪ በሁለት እጃቸው ነው የሚይዟት። በጎቻቸው ይጠፋሉ፣ ገበሬዎቻቸው በተኩላ ይበላሉ፣ ቀይ ጦር ሲመጣ ቀይ መሆኑን የሚያዩት ካቃጠላቸው በኋላ ነው። አንድ ቀን «አሁን እሷ ያለችበት አስገባኝ» አሉት። ለመጫወቻ ስም ያውጡ ሲላቸው ሃምሳ አራት አሉ። ይነዱት የነበረው መስመር ቁጥር ነው።

«አወቀቻቸው?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ። ገቡ፣ ያው አብረው ተሰለፉ። ቁጭ ብለው ቁልፎቹን ሲያዩ ቆዩና በአንድ ጣት ‹እንጨት ልላክልሽ?› ብለው ጻፉላት። እሷም ቆየች። ቆየችና ‹እሺ፣ ላክልኝ› አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አላመለጣቸውም።»

ኢሜልዳ ራሚሮን አመስግና ወጣች፤ የት እንደምትሄድ ግን አላወቀችም። የገበያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ አንዱ በጋሪ ተጁዊኖ የሚባለውን የበቆሎ መጠጥ ይሸጣል፣ በረዶውን እየፈጨ፣ ሎሚውን እየጨመቀ። እፎይ ማለት ነበረባት፣ ብላለችም፤ ግን እፎይታው ሥር ሌላ ነገር ይፈላ ነበር። እነዚያን ሁሉ ዓመታት የያዲራን ስም ሳትጠራ፣ ስልኳን ትራስ ሥር እየደበቀች፣ በእናቷ ቀብር ላይ የገዛ እህቷን እንደማታውቅ ሆና ያለፈችው ለማን ብላ ነው? ሁለቱ ቁጭ ብለው በግ ሊጠብቁ ነው? ስልኳን አወጣችና፣ ገበያ መሃል፣ በቀን፣ ደወለች።

«ኢሜ?» አለች ያዲራ። «በዚህ ሰዓት ደውለሽ አታውቂም። አባዬ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?» አለች ኢሜልዳ። «ከመቼ ጀምሮ ነው አባባን አንተ የምትያቸው?»

ተጁዊኖ ሻጩ ደወሉን ሁለት ጊዜ መታ።

«ያ ሁሉ ፈረሰኛ ሲመጣብሽ እርስዎ ለማለት ጊዜ የለም» አለች ያዲራ በመጨረሻ።

ኢሜልዳ ሳቋ አመለጣት፣ በዚያው ዓይኗ ሞላ። ያዲራም ይህን ሰምታ ነው መሰለኝ አከታትላ ተናገረች። ሃምሳ አራት የሚለውን እንዳየች ወዲያው ነው ያወቀቻቸው። እሳቸውም እንዳወቀቻቸው አውቀዋል። ሁለቱም አልተናገሩም። መጀመሪያ በጽሑፍ ነበር፣ በኋላ ማዳመጫ ገዙና ድምፃቸው መጣ፣ ትንሽ አርጅቷል። «ልነግርሽ ስንት ጊዜ አሰብኩ። አንቺ ካወቅሽ ደግሞ በፊትሽ ላይ ይታያል፣ መደበቅ አትችይም። እሱ ያየዋል፣ ያፍራል። ካፈረ ያቆማል። እንዳያቆም ፈራሁ፣ ኢሜ።»

«ስለ መብራቱ አውርታችኋል?»

«ስለ መብራቱ? ስለ እንጨት ነው የምናወራው። ዛሬም ከምሳ በኋላ ቀጠሮ አለን፣ ጠዋት ተሸንፈናል።»

ኢሜልዳ ሱቋን በጊዜ ዘጋች። መንገድ ላይ ዶን ፊዴንሲዮ የሚወዱትን፣ በቲማቲም ስጎ የሚነከረውን የሥጋ ዳቦ ለሁለት ገዛች፤ ስጎውን ለብቻ በላስቲክ ቋጠሩላት። ቤት ስትደርስ አባቷ ወጥ ቤት ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተው ፀጉራቸውን አበጥረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ለምን እንደሚላጩ ጠይቃ እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው ያስታወሰችው። ሳህኑን አቀረበች። እንደ ሁልጊዜው ዝም ብለው በሉ። ሬዲዮው ስለ ዝናብ ይናገራል፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ዶን ፊዴንሲዮ ዳቦውን ስጎው ውስጥ እያጠቀሱ ሸሚዛቸው ላይ እንዳይንጠባጠብ ይጠነቀቃሉ። ሲጨርሱ የብስኩት ቆርቆሮውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለቱ መካከል አስቀመጠችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእማማ ወርቅ ነው። ጠዋት ‹ወርቁን ውሰጂው› ሲሉ ሰማሁ። እንደ ዶኛ ሬሜዲዮስ ሌቦች የያዙዎት መስሎኝ ይዤው ወጣሁ።» ትንሽ ቆመች። «ከያዲራ ጋር እየተጫወቱ መሆንዎን አላወቅኩም።»

ስሙ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ዶን ፊዴንሲዮ ሬዲዮውን ዘጉት። የወረቀት መሐረባቸውን በአራት አጠፉት፣ ከዚያ በስምንት፣ ከዚያ በኋላ አልታጠፍ አላቸው።

«ራሚሮ አፉ አይዘጋም» አሉ።

«ራሚሮን ተዉት። እኔስ፣ አባባ? እኔ እዚህ ቤት ውስጥ ስሟን ሳልጠራ ስኖር እርስዎ ግድግዳው ኋላ ‹ልጄ› ይሏታል። ለእኔ አንድ ቃል መንገር ምን ነበረበት?»

ድምፅዋ ከፍ አላለም። በዚያ ቤት ድምፅ ከፍ ስለማይል አባቷ ዝቅ ያለውን ቁጣ መስማት ያውቁበታል። በመስኮቱ የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲሽከረከር ይሰማል።

«ለእሷ እንጨት ስልክላት ምንም ማለት አያስፈልገኝም» አሉ። «እንጨት ነው፣ አለቀ። ለአንቺ ብነግርሽ ግን ‹ለምን አባረሯት ታዲያ?› ትይኛለሽ።»

«ለምን አባረሯት?»

ዶን ፊዴንሲዮ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፣ መሪ እንደያዘ ሰው። «ዘግይቼ ነበር። መጨረሻው ላይ ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ ተቆጣጣሪ ነበረ። ቀይ ነበር፣ ኢሜልዳ። ቀይ መሆኑን አይቼ ነው ያለፍኩት። ልጁን ከገጨሁት በኋላ ቀና ስል በመስታወቱ አየኋት። እሷም አየችኝ። ያየችኝን ነው ያልቻልኩት።»

ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቃቸው ሰውዬ ከፊቷ ተቀምጠዋል፣ ትከሻቸው ግን ከባድ ዕቃ እንዳወረደ ሰው ወደ ታች ወርዷል። የመጣባት ንዴት አልነበረም። ወንበሯን አስጠግታ የተጣጠፈውን ወረቀት ከእጃቸው ወሰደች።

«ይሄንን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነው የሚነግሯት።»

«እንዴት ብዬ? እኛ እንደዚህ አናወራም።»

«ሁልጊዜ እንደምታወሩት አድርገው ይንገሯት።»

ክፍላቸው ውስጥ ከገባች ስንት ጊዜዋ ነበር። አልጋው እንደ ወታደር አልጋ ተነጥፏል። መስኮቱ ሥር ኮምፒውተሩ፣ አጠገቡ የመነጽር ማኅደር፣ ማዳመጫው፣ የግማሽ ብርጭቆ ውኃ። ከእናቷ አልጋ ጎን የነበረውን በርጩማ ጎትታ ተቀመጠች። ዶን ፊዴንሲዮ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሊያደርጉ ብለው ተዉትና ገመዱን ነቀሉት። የያዲራ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«አባዬ፣ ዘገየህ። ጠላቶቻችን ከሊማ ከተማ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች ናቸው፣ ፈጣን ናቸው። ዛሬ አጥሩን ቶሎ ሥራ።»

«እሺ። ኢሜልዳ እዚህ ናት» አሉ። «አጠገቤ ተቀምጣለች።»

«ተቆጣሽው?» አለች ያዲራ።

«ትንሽ» አለች ኢሜልዳ።

«ጥሩ አድርገሻል። አባዬ፣ በጎችህን ሰብስብ።»

ጀመሩ። ኢሜልዳ መጀመሪያ ላይ የምታየው አልገባትም፣ የአባቷን እጅ ነው የምታየው። ገበሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ጫካው ይመራሉ፣ ደረሱ አልደረሱ ብለው ያያሉ። «ቀኝህን» ትላለች ያዲራ፣ «ቀኝህ ክፍት ነው፣ በሩን ዝጋ።» «ዘጋሁት።» «ያ የእኔ በር ነው፣ አባዬ፣ እኔን ነው የዘጋህብኝ።» «ቆይ፣ ቆይ፣ እከፍታለሁ።» ኢሜልዳ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እንጨት ላኩላት፣ እህል ላኩላት። የያዲራ ከተማ አደገ፣ የእሳቸው ግን ትንሽ ጎጆዎች በትልቅ አጥር ውስጥ ሆኖ ቀረ። ከዚያ የሊማዎቹ ልጆች ፈረሶች ከጫካው ጠርዝ ብቅ አሉ፣ አጥሩ ዙሪያ ዞሩ፣ አንዱን ጥግ መምታት ጀመሩ። ዶን ፊዴንሲዮ ማውሷን ለቀቁ።

«አባዬ፣ ጠግነው። ገበሬ ላክ። አባዬ?»

«ያዲራ» አሉ። ኢሜልዳ ያንን ስም በዚያ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። «መብራቱ ቀይ ነበር።»

አጥሩ ተሰነጠቀ። ከአንድ ጎጆ ጢስ ወጣ። ከቲኹዋና የሚመጣው ድምፅ ውስጥ የሩቅ መኪና ጡሩንባ ብቻ ይሰማ ነበር።

«ቀይ ነበር። አንቺ ያየሽው ነው የነበረው። እኔ ነበርኩ ውሸታሙ፣ በእናትሽ ፊት ውሸታም ያልኩት ግን አንቺን ነው። እናትሽም እውነቱን ሳትሰማ ሄደች።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለች ያዲራ። ድምፅዋ ተቆራረጠ፤ መስመሩ ይሁን ሌላ አልለየም። «እዚያው ነበርኩ እኮ። አንተ እስክትለው ነው የጠበቅኩት።» ከዚያ ማልቀሷን መደበቅ ትታ አለቀሰች። ኢሜልዳ የአባቷን ትከሻ ያዘች፣ እሳቸውም አላራቋትም። መነጽራቸውን አወለቁና በንጹሑ ሸሚዛቸው ጠረጉት፣ ከጠረጉት በኋላም አላደረጉትም።

ሁለቱ ከተሞች ጌታ አጥተው ሲነድዱ ቆዩ። ገበሬዎቹ ሥራ ፈትተው ቆመዋል፣ ወታደሮቹንም የሚያዛቸው የለም። ከታች በኩል ጽሑፍ መጣ። ዶን ፊዴንሲዮ ዓይናቸውን አጥብበው ሊያነቡት ሞክረው ለኢሜልዳ አሳዩዋት። «ወንድሞች፣ አላችሁ? መስመር ተቋረጠባችሁ እንዴ?» ይላል።

«ምን ልበላቸው?» አሉ።

ኢሜልዳ ቁልፎቹን ወደ ራሷ ሳበች። «አለን» ብላ ጻፈች። «የቤተሰብ ጉዳይ መጥቶብን ነው። ትንሽ ጠብቁን።»

መልሱ ወዲያው አልመጣም። በኋላ «ችግር የለም፣ ተረጋጉ፣ እንጠብቃለን» የሚል መጣ። ፈረሶቹ አጥሩን መምታት አቆሙ። ከተሰነጠቀው ጥግ ጥቂት ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው ሜዳው ላይ ተሰለፉና ቆሙ፣ አንዳንዶቹ ባሉበት አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ያዲራ አፍንጫዋን ስትናፈጥ ተሰማ። ዶን ፊዴንሲዮ ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አሉ፣ እዚያ ውስጥ ያለች ይመስል።

«ከዚያ የሚነሳው አውቶቡስ ብዙ ሰዓት ይፈጃል» አሉ። «የምሽቱን አትያዢ፣ ሹፌሮቹ ይደክማቸዋል። የጠዋቱን ያዢ። ወንበር በቀኝ በኩል ይሁንልሽ፣ ፀሐዩ በግራ ነው የሚገባው። መንገድ ላይ ማሳትላን ሲደርስ ውረጂና እግርሽን አፍታቺ፣ እዚያ ያለው መጸዳጃ ንጹሕ ነው።»

«እሺ፣ አባዬ።»

«ኢሜልዳ ተርሚናል ትቀበልሻለች።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሁለታችን እንቀበልሻለን።»

ኢሜልዳ ከጠዋት ጀምሮ እግሯን ሲቆረጥማት የዋለውን ጫማ አወለቀችና በርጩማው ሥር ገፋችው። መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ከፈተች። ያዲራ ስለ ሻንጣ መጠየቅ ጀመረች፣ አባቷም በአውቶቡሱ የትኛው ዕቃ መጫኛ ውስጥ እንደሚገባ ያስረዷት ነበር፣ ፈረሶቹም ገና አልተንቀሳቀሱም።